ግቢ አለን፤ የምንቀመጥበት ግን የለንም

ጤና ይስጥልኝ፣ የምክር ዓምዱ አዘጋጅ። ዕድሜዬ 43 ሲሆን በመምህርነት ሥራ እተዳደራለሁ። ከባለቤቴ፣ ከሁለት ልጆቻችንና ከአማቴ ጋር የምንኖረው ለገጣፎ ውስጥ በ200 ካሬ ሜትር ቦታ ላይ በሠራነው ቤት ነው። ከዚህ በፊት 11 ዓመት ያህል በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ኖረናል። በእነዚያ ዓመታት «የራሳችን ቤት ሲኖረን» እያልኩ ስመኝ በዓይነ ሕሊናዬ ይመጣ የነበረው ሳሎኑም መኝታ ቤቱም ሳይሆን ደጁ ነበር።

ከገባን ሦስት ዓመት ሊሞላን ነው። ቤቱና የብሎኬት አጥሩ አልቀዋል፤ ደጁ ግን እንዳለ ቀርቷል። ቤታችን ወደ ምሥራቅ የዞረ ነው፤ ከፊት ለፊቱ 10 በ6 ሜትር፣ ከኋላው 10 በ3 ሜትር ክፍት ቦታ አለን። በፊተኛው ላይ መኪናችን ይቆማል፤ ከግንባታ የተረፈው ብሎኬትና አሸዋ፣ የውሃ ሮቶውና የልብስ ማስጫ ገመዱም እዚያው ናቸው። መሬቱ ጥቁር አፈር ስለሆነ በክረምት ጫማ ያስቀራል፤ በበጋ ደግሞ የልጅ እጅ እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጠቃል። እንግዳ ሲመጣ ከበሩ በቀጥታ ወደ ሳሎን ይገባል፤ እኛም እንደዚያው።

ዘንድሮ ዕቁብ ወጥቶልኝ 240,000 ብር ደረሰኝ። በስልኬ ያየኋቸውን ፎቶግራፎች ይዤ የውጭ ሶፋ፣ ሰው ሠራሽ ሣርና በገመድ የሚንጠለጠሉ አምፖሎች አሰብኩ። ባለቤቴ ግን እሱ ያጠራቀመውን ጨምረንበት በግቢው በር በኩል ለኪራይ የሚሆኑ ሁለት ክፍሎች እንሥራ ይላል። «ሶፋ አውጥቶ ዝናብ ከማስመታት በየወሩ የሚገባ ገንዘብ ይሻላል» አለኝ። እኔም ቅር አለኝ፤ እሱም አኮረፈ፤ ከሦስት ሳምንት ወዲህ ስለ ግቢው አንነጋገርም።

ከሁሉ ይበልጥ የከነከነኝ ግን የአማቴ ነገር ነው። 74 ዓመታቸው ነው። ፒያሳ አካባቢ ብዙ ጎረቤት በሚጋራው ግቢ ከ40 ዓመት በላይ ኖረው፣ የባለቤቴ አባት ካረፉ በኋላ ወደዚህ ስንገባ አብረውን መጡ። ጠዋት ጠዋት የፕላስቲክ ወንበራቸውን ከቤቱ ፊት ግድግዳ አስጠግተው ፀሐይ ይሞቃሉ፤ ፀሐይዋ ስትሸሽ ወንበሩን እየጎተቱ ይከተሏታል፤ ከሰዓት በኋላ ደጁን ጥላ ሲይዘው «በረደኝ» ብለው ይገባሉ፤ እስከ ማታም አይወጡም። በአሮጌ ባልዲና በዘይት ጀሪካን ጌሾና ጤና አዳም ተክለዋል። ያሰብኩትን ሳሳያቸው ፎቶግራፉን ጥቂት አይተው «የእናንተው ቤት አይደለም እንዴ፣ ልጄ» አሉኝና ዝም አሉ። ያ ዝምታ ከውስጤ አልወጣልኝም።

አባካኝ ሆኜ ነው? ባለቤቴንስ እንዴት ላሳምነው? ይህን ቦታ ምቹም ያማረም ለማድረግ ከየት ልጀምር?

ደጅ የናፈቀኝ፣ ከለገጣፎ

* * *

ውድ እኅቴ፣

ደብዳቤዎን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ባነበብኩት ቁጥር ቆም ያደረገኝ ስለ ሶፋው ወይም ስለ ኪራይ ክፍሎቹ የጻፉት አልነበረም፤ አማትዎ ወንበራቸውን እየጎተቱ ፀሐይዋን እንደሚከተሉ የነገሩኝ ያ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። እኚህ እናት ሦስት ዓመት ሙሉ ግቢያችሁን ሲያጠኑ ኖረዋል። ፀሐይ በስንት ሰዓት ግድግዳውን እንደምትይዝና በስንት ሰዓት እንደምትለቅ፣ ነፋሱ በየት በኩል እንደሚገባ፣ ከየትኛው ጥግ የግቢው በር ሲከፈት እንደሚታይ ከእናንተ ሁሉ ይበልጥ ያውቃሉ። የግቢ ሥራ የሚችል ባለሙያ ቢጠሩ መጀመሪያ የሚያደርገው ይህንኑ መመልከት ነው፤ እርስዎ ጥናቱ ያለቀለት ቤት ውስጥ ነዎት ማለት ነው።

አባካኝ ስለመሆንዎ ለጠየቁኝ፣ አይመስለኝም። ሰው 11 ዓመት አራተኛ ፎቅ ላይ ኖሮ መሬት ረግጦ፣ ሰማይ እያየ ቡናውን መጠጣት ቢያምረው ቅንጦት ብዬ ልጠራው አልደፍርም። አንድ ነገር ግን በጸጥታ ራስዎን ቢጠይቁ እወዳለሁ፤ ያን ጊዜ ደጁን ሲመኙ በዓይነ ሕሊናዎ ይመጣ የነበረው ምን ነበር? ዕቃው ነበር ወይስ እዚያ ተቀምጠው የሚያዩዋቸው ሰዎች? ልጆቹ ሲሯሯጡ፣ ጎረቤት ለቡና ሲጠራ፣ ባለቤትዎ ከሥራ ሲመለሱ ወደ ሳሎን ከመግባታቸው በፊት አረፍ ሲሉ ከነበረ፣ ገንዘቡ በምን ላይ መዋል እንዳለበት መልሱ ራሱ ይነግርዎታል።

ያዩዋቸው ፎቶግራፎች ያማሩ መሆናቸውን አልጠራጠርም። ብዙዎቹ ግን የተነሡት የበጋው ምሽት ሞቃት በሆነበት አገር ሲሆን፣ እዚያ ሰው የቀኑን ሐሩር ቤት ውስጥ አሳልፎ አመሻሽ ላይ ወደ ደጅ ይወጣል። የእኛ ደጋ የተገላቢጦሽ ነው። ለገጣፎ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ ላይ ያለች እንደመሆኗ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች፤ ሁለት እርምጃ ወደ ጥላው ሲገቡ ደግሞ ብርዱ ይሰማል፤ ከመሸ በኋላ ያለ ጋቢ መቀመጥ ያስቸግራል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት በከተማው ዙሪያ ባለው ሜዳ ላይ ውርጭ የሚወርድባቸው ቀናት አሉ። በክረምት ወራት፣ ይልቁንም በሐምሌና በነሐሴ፣ ዝናቡ ፋታ አይሰጥም። ስለዚህ የእኛ ደጅ የጠዋትና የከሰዓት በኋላ ደጅ ነው፤ ስፖንጅ ያለው የውጭ ሶፋ ክረምቱን ውሃ ይጠጣል፣ በጋውን ፀሐይ ያነጣዋል። ሰው ሠራሹ ሣርም ፕላስቲክ በመሆኑ፣ ሕያው ሣር በውስጡ ያለውን ውሃ በማትነን ራሱን እንደሚያቀዘቅዘው ሊያደርግ አይችልም፤ እኩለ ቀን ላይ በባዶ እግር ለመርገጥ እስከሚያስቸግር ድረስ ይግላል። ልጆች ባሉበት ግቢ ውስጥ ባያነጥፉት እመርጣለሁ።

ታዲያ አባቶቻችንና እናቶቻችን በዚህ አየር ሲኖሩ ምን ላይ ይቀመጡ እንደነበር ያስታውሱ። መደብ ነበራቸው። ግድግዳን ተደግፎ በድንጋይና በጭቃ የሚሠራው፣ አጎዛ ወይም ጅባ የሚነጠፍበት ያ መቀመጫ ለእርስዎ ግቢ ከማንኛውም ሶፋ ይበልጥ የተስማማ ይመስለኛል። ምክንያቱም የቤትዎ ፊት ወደ ምሥራቅ የዞረ ነው። ጠዋት ፀሐይ በቀጥታ ግድግዳውን ትመታለች፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ቤቱ ራሱ ለፊተኛው ደጅ ጥላ ይሆናል። አማትዎ በረደኝ ብለው የሚገቡት ጥላው ስለከበዳቸውና የፕላስቲኩ ወንበር ምንም ሙቀት ስለማይዝላቸው ነው። ድንጋይ ግን የጠዋቱን ፀሐይ ይጠጣና ፀሐይዋ ካለፈች በኋላ ቀስ እያለ ይመልሰዋል። 4 ሜትር ርዝመት ያለው፣ ከመሬት 45 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ፣ 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ የሚገባ የድንጋይ መደብ በዚያ ግድግዳ ሥር ቢሠራ፣ ላዩ ላይም ወደ ቤት የሚገባና የሚወጣ ስስ ፍራሽ ከመከዳዎች ጋር ቢዘጋጅለት፣ ከቤተሰቡ ሁሉ ጋር ሁለት ሦስት እንግዳ ይይዛል። ለዕድሜ ባለጸጋ ከፍታው ትልቅ ነገር ነው፤ ከ40 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ካለ ለመነሣት ጉልበታቸው ይፈተናል። በአንደኛው ጫፍ ተደግፈው የሚነሡበት የእጅ መደገፊያ ያሠሩላቸው።

ጣሪያ ሲያስቡ የመደቡን ግማሽ ብቻ ይክደኑ። ይህን የምለው ገንዘብ ለመቆጠብ ብቻ ብዬ አይደለም። እኛ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ያህል ብቻ ወደ ሰሜን ስለምንገኝ የእኩለ ቀን ፀሐይ ዓመቱን በሙሉ ከፍ ብላ ነው የምትውለው፤ በታኅሣሥ ወደ ደቡብ ዘንበል ትላለች፣ በሰኔ ጥቂት ወደ ሰሜን ታልፋለች። ስለዚህ ከግድግዳው 2 ሜትር ወጣ ያለ ጣሪያ ከረፋድ በኋላ የሚያቃጥለውን ፀሐይ በደንብ ይከላከላል፤ ሙሉውን ከከደኑት ግን ረፋድ ላይ አማትዎን ፀሐያቸውን ይቀሟቸዋል። ግማሹ ክፍት ሲሆን እያንዳንዱ ሰው በዚያ ሰዓት የሚሻውን ይመርጣል፤ ወንበር መጎተትም ይቀራል። ቋሚዎቹ በጸረ ዝገት የተቀባ ቱቦላሬ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ ቢሆን ይበቃል፤ ቆርቆሮው ፀሐይ ሲመታው ስለሚግልና ዝናብ ሲወርድበት ጨዋታ ስለማያሰማ ከሥሩ የቀርከሃ ኮርኒስ ይልበስ። ቀርከሃ ዝናብ ካልነካው ዕድሜው ረጅም ነው፤ ለግቢው የሚገባውን ውበትም የሚሰጠው ይኸው ነው። አሸንዳና በርሜል አይርሱ። 4 ካሬ ሜትር የሆነች ትንሽ ጣሪያ እንኳ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ በወረደ ቁጥር 40 ሊትር ያህል ውሃ ትሰጣለች፤ በአካባቢያችን በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ስለሚዘንብ፣ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ለአትክልቱ የሚሆነው ከዚያ ይገኛል።

ስለ ባለቤትዎ ሳስብ ደግሞ የተናገሩት ቃል ሻካራ ቢሆንም ከበስተኋላው አንድ ስጋት ያለ ይመስለኛል። ቤት ሠርቶ የጨረሰ የቤተሰብ አባት ገንዘብ ሲያይ መጀመሪያ የሚታየው የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የእናት መድኃኒት፣ የነገው ኑሮ ነው። «ላሳምነው» ከማለትዎ በፊት በየወሩ ሊያገኙ ያሰቡት ገንዘብ ለምን እንደሆነ ጠይቀዋቸው ያውቃሉ? ጠይቀው መልሱን ሳያቋርጡ ቢሰሙ፣ ከሦስት ሳምንት ኩርፊያ በኋላ ጥሩ መጀመሪያ ይሆናል። ከዚያም ቁጥሩን አብራችሁ ተመልከቱ። እያንዳንዳቸው 3 በ4 ሜትር የሆኑ ሁለት ክፍሎች ከግድግዳቸው ውጭ 24 ካሬ ሜትር ይወስዳሉ፤ መጸዳጃና መተላለፊያ ሲጨመር ከፊት ካላችሁ 60 ካሬ ሜትር ግማሹ ይሄዳል፤ ከቀሪው ላይ መኪናው ይቆማል። ያኔ አማትዎ ፀሐይ የሚሞቁት የተከራይ በር ፊት ለፊት ይሆናል። ባለቤትዎ ይህን አስበውበት ላይሆን ይችላል፤ ሰው በሐሳቡ ሲሠራ ግድግዳውን እንጂ የሚጋርደውን አያይም።

የእርሳቸውን ሐሳብም ግን አይጣሉት። የኋላው 30 ካሬ ሜትር ከሰዓት በኋላ የምዕራብ ፀሐይ የሚወርድበት በመሆኑ ለመቀመጫ አይመችም፤ ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ዝቅ ብላ የምትመጣውን ፀሐይ ጣሪያ አይመልሳትም። በአንደኛው ጥግ፣ የቤታችሁን መስኮቶች ሳይጋርድ፣ አንድ ክፍል የሚቆምበት ቦታ ለወደፊቱ ቢጠበቅላቸው ሁለታችሁም የምትሹትን ታገኛላችሁ። ስለ ግንባታ ፈቃዱና ከአጥር መለቀቅ ስላለበት ርቀት አስቀድሞ የአካባቢያችሁን ማዘጋጃ ቤት መጠየቅ ግድ ነው። እስከዚያው ድረስ የልብስ ማስጫውን ገመድ፣ በርበሬ የሚሰጣበትን ቦታና ሮቶውን ወደዚያ ያዛውሩ፤ ያ ያስቸገረው የምዕራብ ፀሐይ ለልብስና ለበርበሬ በረከት ነው።

አሁን ወደ መሬቱ ልምጣ፤ አብዛኛው ሰው ገንዘቡን የሚያጣው እዚህ ላይ ስለሆነ ጥቂት ብቆይ ይታገሡኝ። ጥቁር አፈር ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ልጆቹ እጃቸውን የሚያስገቡበት ስንጥቅ የዚህ ምልክት ነው። በላዩ በቀጥታ ሊሾ ቢያፈሱበት ወይም ሴራሚክ ቢያነጥፉበት ከአንድ ክረምት በኋላ ይሰነጠቃል። ለመቀመጫና ለእግር መንገድ ብዙውን ጊዜ ከ40 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር የሚሆነውን ጥቁር አፈር አውጥቶ በገረጋንቲ መተካት ያስፈልጋል፤ መኪናው የሚቆምበት ከዚያ የበለጠ ስለሚጠይቅ ግንበኛው ጉድጓድ አስቆፍሮ አፈሩ እስከ የት እንደሚደርስ አይቶ ይወስን። ገረጋንቲው በአንድ ጊዜ ተደፍቶ አይተውም፤ በ15 ወይም በ20 ሴንቲ ሜትር እየተነጠፈ፣ ውሃ እየተረጨ ይጠቅጠቅ። በላዩ አሸዋ፣ ከዚያም ኮብልስቶን ወይም አምቦ ድንጋይ በአሸዋ ተያይዞ ቢነጠፍ እመርጣለሁ፤ መሬቱ አንድ ቀን ቢንቀሳቀስ እንኳ ድንጋዮቹን አንሥቶ መልሶ ማስተካከል ይቻላል፣ የተሰነጠቀ ሊሾ ግን መፍረስ እንጂ መጠገን አይሆንለትም። ንጣፉ ከቤቱ እየራቀ በየሜትሩ 2 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይበል። 4 ሜትር ቢሆን 8 ሴንቲ ሜትር ነው፤ በሲባጎና በውሃ ልክ ፊት ለፊትዎ ያስለኩት። መደቡም የራሱ መሠረት ይኑረው እንጂ ከቤቱ ግድግዳ ጋር አይያያዝ፤ 2 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ከተተወለት አንዱ ሲንቀሳቀስ ሌላውን አይሰነጥቀውም።

ስለ ንጣፉ አንድ የራሴን ልንገርዎት። ከዓመታት በፊት በወላጆቼ ግቢ ውስጥ የሚያበራ ሴራሚክ አነጠፍን፤ መልኩን ብቻ ነበር ያየነው። በሐምሌ አንድ ጠዋት እናቴ ከማድቤት ስትወጣ አዳልጧት የእጇ አንጓ ተሰበረ። ድና ብትነሣም ከዚያ ወዲያ ዝናብ ሲዘንብ ብቻዋን ደጅ ለመውጣት ትፈራ ነበር። ስለዚህ ላዩ ሻካራ ያልሆነን ድንጋይ፣ ምንም ቢያምር፣ እባክዎ አይግዙ። ከቤቱ በር እስከ መደቡ ያለው መንገድ 1 ሜትር ስፋት ይኑረው፤ ደረጃ ካለበት ከ15 ሴንቲ ሜትር አይብለጥ።

የግቢውን መሐል ባዶ ይተዉት። በዚህ ላይ ጠንከር ብዬ እናገራለሁ። የኢትዮጵያ ግቢ ሰርግም ለቅሶም የሚገባበት ነው፤ ዕድሩ ድንኳን የሚተክልበት፣ ለበዓል በግ የሚታረድበት፣ ማኅበርተኛ የሚቀመጥበት ቦታ ያስፈልጋል። በመሐል የተሠራ የአበባ መደብ ወይም ኩሬ ያን ሁሉ ይዘጋል። ልጆቹም ኳስ የሚያንከባልሉት እዚያው ነው። መሐሉ ላይ ሰርዶ ቢተዉት ራሱ ይበቅላል፤ ቢረገጥም ይመለሳል።

አትክልቱን በተመለከተ ደግሞ አማትዎ ምርጫውን ቀድመው አድርገውልዎታል። ጌሾ ቅጠሉ ዓመቱን ሙሉ የማይረግፍ፣ መከርከምን የሚወድ፣ ደጋውን የለመደ ቁጥቋጦ ነው። በግቢው በርና በመደቡ መካከል አንድ ረድፍ ቢተከል፣ በሩ ሲከፈት አላፊ አግዳሚው የተቀመጠውን ሰው እንዳያይ ይጋርዳል፤ በበጋው ከምሥራቅ በኩል የሚበዛውን ነፋስም እየሰነጠቀ ያበርደዋል። ግንብ ነፋሱን ሲያግተው በላይ ዘሎ ይወርዳል፤ ቅጠል ግን ያጣራዋል። ሲከረከም ደግሞ ቅጠሉ ለጠላ ይሆናል፤ እርሳቸውም ከባልዲ ወደ መሬት የወረደ ጌሾ ሲያዩ ምን እንደሚሰማቸው እርስዎ ከእኔ ይልቅ ይገምቱታል። ጤና አዳሙ፣ በሶብላው፣ ኮሰረቱና ጠጅ ሣሩ በሸክላ ማሰሮ ሆነው በመደቡ ጫፍ፣ ለቡናና ለወጥ እጅ በሚደርስበት ይሁኑ። አንድ ጥንቃቄ ብቻ፦ ውሃ የሚጠጣ ተክል በቤቱ መሠረት ሥር አይትከሉ፤ በጥቁር አፈር ላይ መሠረት አጠገብ ውሃ ማፍሰስ ግድግዳ ያሰነጥቃል። ዛፍ ከፈለጉ በአጥሩ ጥግ፣ ከሽንት ቤት ጉድጓዱ የራቀ አንድ ወይራ ወይም ኮክ ይበቃል። ባሕር ዛፍ በዚህ ስፋት ፈጽሞ አይሆንም።

ስለ መብራቱ ብዙ አልልም፤ ከብዙ ባለቀለም አምፖል ይልቅ ከመደቡ በላይ ዝቅ ብሎ የሚንጠለጠል አንድ ለስለስ ያለ ቢጫ ብርሃን ፊትን ያሳምራል፣ ዓይንም አይወጋም። ስለ ከሰል ግን ልብ ይበሉ። በክረምት ጣሪያውን በላስቲክ ከበው ምድጃ ወደ ውስጥ ማስገባት ያጓጓ ይሆናል፤ ነገር ግን የከሰል ጭስ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ ስለሌለው ሳይታወቅ ሰው ይገድላል። ቡናው በሚፈላበት በኩል ቢያንስ ሁለቱ ጎን ምንጊዜም ክፍት ይሁን።

የገንዘቡን አወጣጥ በቅደም ተከተል ቢይዙት እመክራለሁ። መጀመሪያ ብሎኬትና አሸዋው ይነሣ፤ ይህ ከጉልበት በቀር ብዙም አያስወጣም፤ ብሎኬቱም ለመደቡ ውስጠኛ ክፍል ይጠቅማል። ከዚያ ቁፋሮው፣ ገረጋንቲውና የውሃ መውረጃው፤ ቀጥሎ መደቡና ንጣፉ፤ ከዚያ ግማሹ ጣሪያ፤ ፍራሽና መብራት መጨረሻ። ዋጋ ከሦስት ግንበኞች ይጠይቁ፤ የእጅ ዋጋውንና የዕቃውን ለየብቻ ያስጽፉ። ደብዳቤዎ በጥቅምት ስለደረሰኝ ጊዜው ተስማሚ ነው። ኅዳርን በመመልከትና በመነጋገር ያሳልፉት፤ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት መሬቱ ደረቅ ስለሆነ ቁፋሮው ይቀላል፤ የበልጉ ዝናብ ሲመጣ ውሃው ወዴት እንደሚሄድ አይተው ስሕተት ካለ ያርሙ፤ ጌሾውን በሰኔ፣ ዝናቡ ሲጸና ይትከሉት። ከ240,000 ብሩ የተረፈውን ደግሞ ለኋላው ክፍል መጀመሪያ እንዲሆን በባለቤትዎ ስም ቢያስቀምጡላቸው፣ ቃልዎን በገንዘብ እንዳጸኑት ያውቃሉ።

ስለ አማትዎ ዝምታ የማውቀውን ልበል። «የእናንተው ቤት ነው» የሚለው ቃል ፈቃድም ሊሆን ይችላል፤ 40 ዓመት የኖሩበትን ግቢ ትቶ የመጣ ሰው እንግድነትም ሊሆን ይችላል። የትኛው እንደሆነ ከሩቅ ልወስን አልችልም። «ምን ይፈልጋሉ?» ብለው ቢጠይቋቸው ግን ምንም እንደማይፈልጉ ይነግሩዎታል፤ የእርሳቸው ትውልድ ለራሱ መለመን አይሆንለትም። ከዚያ ይልቅ የሚያውቁትን ይጠይቋቸው። ፀሐይዋ ከግድግዳው በስንት ሰዓት እንደምትሸሽ፣ በክረምት ጎርፉ በየት በኩል እንደሚገባ፣ ጌሾው የት ቢተከል እንደሚስማማው፣ በፒያሳው ግቢ ሴቶቹ ቡና ለማፍላት የት ይሰበሰቡ እንደነበር ይጠይቁ። ሲመልሱም ልጆቹ በወረቀት ይጻፉት።

በመጪው ቅዳሜ፣ አንዲት ሳንቲም ሳያወጡ፣ ሦስት በርጩማና ረከቦቱን ይዘው ወደ ፊተኛው ደጅ ይውጡ፤ ቄጤማውም እዚያው ይጎዝጎዝ። ባለቤትዎን ስለ ግቢው ለመከራከር ሳይሆን ለቡና ይጥሯቸው። አማትዎ ወንበራቸውን አምጥተው ሲቀመጡ እግሩ ያረፈበትን ቦታ በኖራ ምልክት ያድርጉበት፤ ግንበኛው ሲመጣ ሲባጎውን ከዚያ ይጀምር።